ሪህ እግር ላይ ሲነሳ፦ ከመጀመሪያዋ ሌሊት እስከ ላብራቶሪው ቁጥር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የቀሰቀሰኝ። የፋሲካ ማግስት ነበር። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሥሩ ላይ ፍም ያስቀመጡበት ይመስል ይነዳል። ጋቢዬን ልገልጥ ስል ጫፉ ጣቴን ነካው፤ ጮህኩ። ጋቢ ነው እንግዲህ፣ ጥጥ! መብራት አብርቼ ሳየው ቀልቷል፣ አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ደረጃ ስወርድ ወለም ብሎኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠዋት ሰፈር ውስጥ ካሉ ወጌሻ ዘንድ ተደግፌ ሄድኩ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ። የዚያን ዕለቱን ስቃይ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ወለምታ አልነበረም። ሪህ ነበር። በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ እኔም ረሳሁት። በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ በስድስት ወር፣ ቀጥሎ በሦስት ወር። ስህተቴ ወጌሻ ጋ መሄዴ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ያኔ ነው። ሕመሙ ሲተወኝ በሽታው የተወኝ መስሎኝ ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። ከራሴ እግር፣ ካከሙኝ ሐኪሞችና ካነበብኩት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። የመድኃኒት መጠን ስጠራ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው፤ በራሳችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ እንድትገዙ አይደለም።

መጀመሪያ፦ እውነት ሪህ ነው?

እኛ ጋ "ሪህ" የማይሸከመው ሕመም የለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት "ሪህ አለብኝ" ይላሉ። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት ወጣት ሪህ ነው ትባላለች። ወገቡን ብርድ የመታውም ሪህ ነው። ሕክምና ቤት ግን እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። እዚህ የማወራው ሐኪሞች "ጋውት" ስለሚሉት፣ ከዩሪክ አሲድ ስለሚመጣው ሪህ ብቻ ነው።

ይኼኛው አመጣጡ ያስታውቃል። ማታ ደህና ሆናችሁ ትተኛላችሁ፤ ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ይቀሰቅሳችኋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጣራ ይነካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ መገጣጠሚያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚነሳባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሚይዛቸው የእግር አውራ ጣት ሥር ላይ ነው። የእግር ጀርባ፣ ቁርጭምጭሚትና ጉልበትም ይመታል። ባይታከም እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይለቃል። የወር አበባ የምታይ ወጣት ሴት ላይ ብርቅ ነው፤ ሆርሞኗ ይከላከልላታል። ስለዚህ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ሁለቱም እጆቿ አብጠው "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ" ከተባለች፣ ሌላ ሐኪም ብታይ ጥሩ ነው። ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ከተሰጠው መገጣጠሚያ ያበላሻል።

ውስጡ የሚሆነው ይኼ ነው። ዩሪክ አሲድ ፑሪን የሚባል ነገር ሲፈርስ የሚቀር ትርፍ ነው። ፑሪኑ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከራሳችን ሰውነት ነው የሚመጣው፤ ከምግብ የሚገባው የቀረው ነው። ትርፉን በዋናነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ከአሥር ሕሙማን የዘጠኙ ገደማ ችግር ኩላሊታቸው እንደሚፈለገው ማስወጣት አለመቻሉ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በዘር የሚወረስ ነው። "ሥጋ በልተህ ነው" የሚለው ወቀሳ እንግዲህ የሚነካው የነገሩን ትንሹን ክፍል ብቻ ነው።

ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፈ ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል። ማር ሲበርደው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። ዩሪክ አሲድም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ የሚረጋው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ነው። ከሰውነታችን ደግሞ ከልብ የራቀውና የቀዘቀዘው የእግር ጣት ነው። የረጋው ነገር እንደ መርፌ የሾለ ነው። ለወራት ዝም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን የሰውነት ወታደሮች ያዩታል፤ ጦርነቱ ያን ጊዜ ነው። ቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ሙቀቱ ሁሉ የዚያ ጦርነት ጢስ ነው።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ የሚያስሮጥ

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ያበጠው ቦታ አጠገብ ቁስል ካለ፣ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ አትጠብቁ። ባክቴሪያ የገባበት መገጣጠሚያ ቁርጥ ሪህ ይመስላል። እሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ይበላዋል፣ ሕይወትም ያሰጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳባችሁም ከሆናችሁ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ታዩ። ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ለማየት ከፈለገ አትሽሹ። መርፌ መሳዩ ነገር ከታየ ክርክሩ አበቃ፤ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ቦታ ዩሪክ አሲድ የሚለኩት በሕመሙ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። "ዩሪክ አሲድህ ኖርማል ነው፣ ሪህ አይደለም" ብለው የሸኙኝ እንዲህ ሆኖ ነው። ሕመሙ ከለቀቃችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ተቃራኒውም አለ። አሞት የማያውቅ ሰው በአጠቃላይ ምርመራ 7.5 ስለወጣለት ብቻ ሪህ ያዘው አይባልም። እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አይነሳባቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ኪኒን አያስፈልጋቸውም።

ያቺን ሌሊት እንዴት ማለፍ ይቻላል

1. ከእግራችሁ ላይ ሸክም አንሱ። ተኙ፤ እግራችሁን ሁለት ትራስ ላይ ስቀሉ። አትሹት፣ አታሳሹት፣ ወጌሻ አትጥሩ። ወጌሻ በሥራው ክቡር ነው፤ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

2. ካርቶን ፈልጉ። አንዱን ጎን ቀዳችሁ እንደ ዋሻ አድርጋችሁ እግራችሁ ላይ ድፉት። ብርድ ልብሱ በካርቶኑ ላይ ያልፋል፣ ጣታችሁን አይነካም። ይህችን ነገር ማንም አልነገረኝም። በሦስተኛው ጊዜ የሻይ ቅጠል ካርቶን አልጋዬ ሥር አይቼ ነው የመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ካርቶን ሳይጣል ይቀመጣል።

3. በረዶ በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዙበት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ አንስታችሁ ቆዳው ሲመለስ ድገሙ። ማቀዝቀዣ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይሆናል። እግሩ የሚደነዝዘው የስኳር ሕመምተኛ ግን ሳይታወቀው ቆዳው ሊጎዳ ስለሚችል ይጠንቀቅ። "ብርድ ነው" ብላችሁ ሙቅ ውኃ በጨው ውስጥ እንዳትከቱት፤ የተቃጠለ ነገር ላይ ሙቀት መጨመር ነው። "ብርድ አይደል እንዴ ያረጋው?" የሚል ብልህ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ግን በረዶው የሚያስታግሰው የተነሳውን ጦርነት ነው፤ በሃያ ደቂቃ አዲስ ነገር አይረጋም።

4. ውኃ ጠጡ። ልብ ወይም ኩላሊት ታማችሁ "ፈሳሽ ቀንሱ" ያልተባላችሁ ከሆነ፣ ሽንታችሁ እስኪነጣ ድረስ።

5. መድኃኒቱን ቶሎ ጀምሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ይኼኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን የተወሰደ ኪኒን በሦስተኛው ቀን ከተወሰደው በእጅጉ ይሻላል። ስለዚህ የሚስማማችሁን ሐኪም አስቀድሞ ይዘዝላችሁ፤ ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ያለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ይሠራል። ግን ጨጓራ ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ልቡ የደከመ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይነካውም። ሪህ ካለባቸው ሰዎች ደግሞ ኩላሊቱ የደከመ ብዙ ነው። መርፌው በየክሊኒኩ በቀላሉ ስለሚወጋ ብቻ ቀላል አይምሰላችሁ።

ሁለተኛው ኮልቺሲን ነው። ድሮ "ተቅማጥ እስኪይዝህ ድረስ በየሰዓቱ ውሰድ" ይባል ነበር። ይህ ቀርቷል። አሁን የሚታዘዘው ገና እንደጀመራችሁ 1 ሚሊ ግራም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በማግስቱ በትንሽ በትንሹ ይቀጥላል። ትንሹ መጠን እንደ ትልቁ ይሠራል፣ ሆድ ግን እንደ ትልቁ አያባርርም። ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወይም የኮሌስትሮል ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ወይም ኩላሊታችሁ ከታመመ ሳትናገሩ እንዳትወስዱት። ከመጠን ካለፈ መርዝ ነው።

ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። ሌሎቹን የማይችል ሰው ላይ ለአምስት ቀን ያህል በቀን ከ30 እስከ 35 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ይወጣል፤ ይለካ። አምስት ቀን ነው ያልኩት። "ያቺ ትንሿ ኪኒን ተዓምር ናት" ብለው በራሳቸው ለወራት የሚወስዷት ሰዎች ፊታቸው ያብጣል፣ አጥንታቸው ይሳሳል።

አስፕሪን ለዚህ ሕመም አይሆንም። በትንሽ መጠን ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። ለልባችሁ የታዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍም ይቅርባችሁ፤ ጠዋት ሪሁ እንዳለ፣ በላዩ ላይ የተላጠ ቆዳ ታገኛላችሁ።

6. ሲቀልላችሁም አትፍጠኑ። ጥቂት ቀን ጣቱን የማይጫን ሰፊ ነጠላ ጫማ አድርጉ። ምርኩዝ የምትይዙ ከሆነ ካልታመመው እግር በኩል ባለው እጅ ያዙ።

ስለ ሽሮው እንነጋገር

ሪህ እንዳለባችሁ በታወቀ ማግስት ቤተሰብ ይሰበሰባል። ሥጋ ተከልክሏል፣ ሽሮ ተከልክሏል፣ ምስር ተከልክሏል፣ ቲማቲም ተከልክሏል፣ ጎመን ተከልክሏል። ሰውየው ምን ይብላ? እንጀራ በጨው?

የጥራጥሬው ክልከላ አመጣጡ ይገባኛል። ምስር፣ አተርና ሽምብራ ውስጥ ፑሪን አለ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያስፈራል። ሰው ላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ወደ 47 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሏል። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ላይ ሪህ ጨመረ። ፑሪን ያላቸውን አትክልትና ጥራጥሬ የሚበሉት ላይ አልጨመረም። ወተትና እርጎ የሚያዘወትሩት ላይ እንዲያውም ቀነሰ። ስለዚህ ሽሯችሁን ብሉ። ምስር ወጡን ብሉ። ጎመኑንም ጨምሩ። ሽሮ ከበላ በኋላ ተነሳብኝ የሚል ሰው አውቃለሁ፤ ሽሮውን ያወራረደው በምን እንደሆነ ስጠይቀው ሁለት ቢራ ነበር።

መጠንቀቅ ያለባችሁ እነዚህን ነው።

ዱለት። ጨጓራ፣ ጉበት፣ አንዳንዴም ኩላሊት፤ እንደ ጉበት ያለ የእንስሳ የሆድ ዕቃ ከሥጋው የበለጠ ፑሪን የተሸከመ ነው። እኔ ዱለትን ነው ሙሉ በሙሉ የተውኩት። ከልቤ አዝኛለሁ።

ቁርጥ። ጥሬ መሆኑ ለሪህ ለውጥ የለውም፤ ጥያቄው ብዛቱ ነው። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ አንድ ሰው ለብቻው ሲያወርድ ማየት ሥጋ ቤት ውስጥ ብርቅ አይደለም። በሳምንት አንዴ የእጅ መዳፍ የምታክል ትበቃለች። ቅቅል ከሆነ ሥጋውን ብሉ፣ መረቁን ተዉ። ሲቀቀል ፑሪኑ ወደ መረቁ ይወጣል። "መረቅ መድኃኒት ነው" ብለው የሚያቀርቡላችሁን እናት እንዴት እንደምትመልሱ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሰርዲን። ዓሣ በጾም የሚበላ ሰው በሌላው ዓሣ ላይ ልክ ይወቅ፤ ሰርዲንን ግን ይራቅ።

ቢራ። ከመጠጥ ሁሉ ቀዳሚው ጠላት ነው። አልኮሉ ኩላሊት ዩሪክ አሲድ እንዳያስወጣ ያግዳል፤ ቢራ ደግሞ በላዩ የራሱን ፑሪን ይዞ ይመጣል። አረቄ ይከተላል። ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው፤ "የቤት ነው" ማለት አያድንም።

ስኳር የበዛበት ለስላሳ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በውስጡ ያለው ፍሩክቶስ የሚባል የስኳር ዓይነት ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይወልዳል። ቢራ ትቶ በቀን ሦስት ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገባ። ስኳር የተጨመረበት ጁስና ብርዝም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሙሉውን ፍሬ መብላት ይሻላል።

ቡና? ጠጡ። ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ሪህ አነስ ብሎ ነው የታየው። ስኳሩን ብቻ ቀንሱ።

ጾምን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። የጾም ምግቡ ራሱ ለሪህ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው። አንደኛው ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት መዋል ነው። ሰውነት ሲደርቅና ስብ ማቃጠል ሲጀምር ዩሪክ አሲድ ይከማቻል። ስለዚህ ጾሙን ስትፈቱ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ምግብ። ረመዳንን የሚጾሙም ከአፍጥር እስከ ሱሁር ውኃውን ከፋፍለው ይጠጡ፤ ኪኒን ካላቸው ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ሁለተኛው ጫፍ ፋሲካ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ የለመደ ሰውነት በአንድ ቀን ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጠላና ቢራ ይወርድበታል። የእኔ እግር ታሪክ ከዚህ ነው የጀመረው።

ክብደት ቀንሱ፣ ግን ቀስ ብላችሁ። በወር ውስጥ አሥር ኪሎ ለመጣል የሚራብ ሰው ሪሁን በራሱ እጅ ይቀሰቅሰዋል።

ይህን ሁሉ ብታደርጉም ቁጥሩ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በአንድ ነጥብ ገደማ ነው። ይህን ሰው አይነግራችሁም። 9 ያለው ሰው ሥጋ ጨርሶ ቢተው ወደ 8 ይወርድ ይሆናል፤ 8 ደግሞ ያው ይረጋል።

ቁጥሩን ማውረድ

በዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ ከተነሳባችሁ የማውረጃ መድኃኒት ያስፈልጋችኋል። ኤክስሬይ ላይ የተበላ መገጣጠሚያ ከታየ ወይም ጆሮ፣ ክርንና ጣት ላይ እንደ ኖራ ነጭ ነገር የቋጠረ ጉብታ ከወጣም እንደዚሁ ነው። የኩላሊት ጠጠር ወይም የኩላሊት ድካም ካለ አንዴ ብቻ ተነስቶም ቢሆን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

በብዛት የሚታዘዘው አሎፑሪኖል ነው። አሮጌ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ካገኙት ሰዎች አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርታለች። አሮጌ ስለሆነ ማንም አያስተዋውቀውም። ዋጋውም ርካሽ ነው።

አጀማመሩ ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው። በቀን 100 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከዚያም ያነሰ። በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ደም ይለካል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ እንደገና ይለካል። ግቡ ከ6 በታች ነው። ጉብታ ያለበት ሰው ከ5 በታች ያስፈልገዋል። አውሮፓ ያላችሁ ወረቀታችሁ ላይ ቁጥሩ በሌላ መለኪያ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል፤ እዚያ 360 ማለት እዚህ 6 ነው። የብዙዎቻችን ችግር 100 ተሰጥቶን፣ ቁጥሩን ማንም ሳይለካው አምስት ዓመት 100 ላይ መቀመጣችን ነው። እኔ ሁለት ዓመት እንዲያ ነበርኩ። በመጨረሻ ሲለካ 8.1 ነበር። 300 ላይ ስደርስ 5.6 ወረደ። ሌላው ሰው 200 ሊበቃው ይችላል፤ ሌላው ከ300 በላይ ይፈልጋል። የሚታየው የደሙ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ኪኒኑን በጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ሊነሳባችሁ ይችላል፤ ከበፊቱም ሊበዛ። ሰው "መድኃኒቱ ባሰብኝ" ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ማሩን አስቡት። የረጋ ማር ሲሞቅ በአንዴ ውኃ አይሆንም፤ መጀመሪያ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረካከሳል። ጣታችሁ ውስጥ ያለውም ሲሟሟ እየተፈረከሰ ይነቃል፣ ወታደሮቹን ይቀሰቅሳል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ትንሽ ኮልቺሲን አብሮ የሚያዘው። ካላዘዘ ጠይቁት። ተነስቶባችሁም አሎፑሪኖሉን አታቋርጡ፤ የሕመሙን መድኃኒት በላዩ ጨምሩ። እኔን በሁለተኛው ወር ተነስቶብኝ ነበር። ከሰባተኛው ወር ወዲህ አላየሁትም።

የምታቋርጡት በአንድ ምክንያት ነው። ሽፍታ ከወጣባችሁ፣ በተለይ ከትኩሳት፣ ከአፍ ቁስል ወይም ከዓይን መቅላት ጋር ከሆነ፣ በዚያው ቀን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን አደገኛ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነው። አዛታዮፕሪን የሚባል መድኃኒት የምትወስዱም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

የምትወስዷቸውን ሌሎች ኪኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ለደም ግፊት የሚሰጡ የሚያሸኑ ኪኒኖች፣ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ ያሉት፣ ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ። ሎሳርታን የሚባለው የግፊት ኪኒን በተቃራኒው ትንሽ ይቀንሳል። ይቀየር አይቀየር የሚለው የሐኪሙ ነው። እግረ መንገዳችሁን ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ስኳርና ግፊት ተለኩ፤ እነዚህ ከሪህ ጋር ተያይዘው መምጣት ይወዳሉ። ቁጥሩ ከ6 በታች ከረጋ በኋላ በየስድስት ወሩ መለካት ይበቃል። እኔ ቁጥሩን ግድግዳዬ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የምጽፈው፤ መስከረምና መጋቢት ላይ።

ድግስ ላይ

ክፍለ ሀገር ሠርግ ወይም ለቅሶ ስትሄዱ የሕመሙን ኪኒን ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ፋርማሲ አይከፈትም። ረጅም ጉዞ ላይ "ሽንት ያስቸግረኛል" ብላችሁ ውኃ አትተዉ።

ቀሪው ችግር ጋባዡ ነው። "ሪህ አለብኝ" ካላችሁ አለቀላችሁ። አንዱ የአጎቱን መድኃኒት ይነግራችኋል፣ ሌላው "አንድ ቢራ ምን ታደርጋለች" ይላል፣ ሦስተኛው ጉርሻውን አፋችሁ ላይ ይዞ ይቆማል። ዱለት ነው፣ ያውም በደንብ የተቀመመ። ብዙ ሞክሬ የሠራልኝ አንድ መልስ ነው፦ "ኪኒን ላይ ነኝ።" የምን ኪኒን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ውኃ ቀድተው ይሰጧችኋል።